መርፌው ይጠየቅ፦ ስለ ሸክላ አያያዛችን ሂሳዊ ዳሰሳ

የኢትዮጵያ ሸክላዎች ዝና ከናኘ ወዲህ ውዳሴው ለሁለት ወገን ተከፍሏል። አንዱ ለዳግም ኅትመቱ ነው፤ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሥራም ምስጋናው ይገባዋል። ሌላው ለገበያው ነው፤ ሸክላ አሳታሚዎቹ አምሃ ወይም ካይፋ ያወጡት የመጀመሪያ ኅትመት በውጭ ሰብሳቢዎች ዘንድ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። በመካከል የተዘነጋው ሸክላውን ለግማሽ ምዕተ ዓመት በቤቱ ያቆየው ሰውና የአያያዙ ሙያ ነው። ስለ አያያዝ ሲነሣም ወሬው ሁሉ ስለ ጽዳት ይሆናል። የእኔ ክርክር ሸክላን የሚያቆየውም የሚያጠፋውም ከጽዳቱ ይልቅ አጨዋወቱ ነው የሚል ነው።

የሀገር ፍቅር ማኅበር ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት እያለው አምሃ እሸቴ በድፍረት የራሱን አሳታሚ ማቋቋሙን ብዙ አንባቢ ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም። ለዚህ ዳሰሳ የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የወጡት የአምሃ ሸክላዎች እንደ ሕንድና ሊባኖስ ባሉ አገሮች እየታተሙ ነበር የሚገቡት። አሥር ዓመት ሳይሞላ ካሴት ቦታውን ወሰደ። ያኔ ከታተሙት ሸክላዎች የተረፉት ቁጥር ከዚያ ወዲህ ሲቀንስ እንጂ ሲጨምር አልታየም።

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ያለው ጉርድ ሾላ ጉዳዩን ለማየት ይመቻል። የመሃል ከተማ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ምሥራቅ አዲስ አበባ መጥቷል፤ ዕቃ በተጫነና በተራገፈ ቁጥር የአባት ሸክላ ወይ ለቆራሌው ይሰጣል፣ ወይ በማዳበሪያ ታስሮ ቆጥ ላይ ይወጣል። በበጋ የግንባታው አቧራ ቤት ይገባል፤ በክረምት እርጥበቱ የወረቀት ሽፋኑን ያሻግተዋል። ይህም ሆኖ የከተማችን አየር ለሸክላ ደግ ነው። በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሸክላው ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር ወይም በቆመ መኪና ውስጥ ካልተተወ በቀር ቪኒልን የሚያጣምም ሙቀት ብዙም አይገጥመውም። ሸክላው ሳይጋደም ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከግድግዳውና ከወለሉ ትንሽ ይራቅ፤ የሻገተ የውስጥ ሽፋን ይቀየር። ሲታጠብ የተጣራ ውኃ፣ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙናና ቦዩን ተከትሎ የሚሄድ ለስላሳ ብሩሽ ይበቁታል። በቀደምቱ ዘፋኝ በተሰማ እሸቴ ዘመን የነበረው፣ በደቂቃ 78 ዙር የሚዞረው ሸክላ ግን በአልኮል ፈጽሞ አይነካም፤ የተሠራበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል።

ስለ ጽዳት ይህ ይበቃል። ብዙ ሊባልለት የሚገባው መርፌው ነው። የሸክላ ድምፅ የተጻፈው በቦዩ ሁለት ግድግዳዎች ላይ ነው፤ መርፌው እነሱን እየዳሰሰ ንዝረቱን ወደ ድምፅ ያሻግራል። ለቪኒል የሚሆን የተለመደ ክብ ጫፍ ራዲየሱ 18 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ለ78 ዙር የሚሆነው ከዚህ በአራት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ደህና ክንድ መርፌውን ከ1.5 እስከ 2 ግራም በሚሆን ክብደት ሲያሳርፍ፣ ብዙዎቹ የያኔ ርካሽ ማጫወቻዎች 5 ግራምና ከዚያ በላይ ይጫኑ ነበር። ክብደቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ የሚያርፈው ዓይን በማያየው ነጥብ ላይ ስለሆነ ግፊቱ ብርቱ ነው። የአልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያገለግላል፤ የሰንፔሩ ዕድሜ በጣም ያጠረ ነው። ያለቀ መርፌ ክብነቱ ተፍቆ ስለታም ጠርዝ ያወጣና ግድግዳውን መላጥ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚላጡት ጥቃቅኖቹ ሞገዶች፣ ማለትም ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው።

የአማርኛ ዘፈን የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። የ«ሰ»ና የ«ሸ» ፉጨት በከፍተኛው የድምፅ ክልል ይገኛል፤ የ«ጠ»፣ የ«ጨ»ና የ«ጸ» ፍንዳታ በቅጽበት ብቅ ብሎ ይጠፋል። የተላጠ ቦይ «ጸ»ን ከ«ሰ»፣ «ጠ»ን ከ«ተ» መለየት ያቅተዋል። የሙላቱ አስታጥቄ ቪብራፎን ቢደበዝዝ ዜማው ይተርፋል። ጥላሁን ገሠሠን ያህል ቃልን አጥርቶ የሚጠራ ድምፃዊ ሲደበዝዝ ግን የሚታጣው ከድምፅ ውበት ያልፋል፤ ሰምና ወርቅ የያዘ ኅብረ ቃል በአንድ ተነባቢ ላይ ይሰነጠቃልና ተነባቢው ሲጠፋ ሰሙ ይቀራል፣ ወርቁ ይሄዳል። ጉዳቱ ደግሞ እኩል አይከፋፈልም። መርፌው ወደ መሃሉ በተጠጋ ቁጥር ቦዩ በሥሩ የሚያልፍበት ፍጥነት ስለሚቀንስ ያው ድምፅ በጠበበ ስፍራ ይጨናነቃል። ስለዚህ ቀድሞ የሚሸረሸረው የዘፈኑ ማብቂያ፣ ድምፃዊው ስሜቱን አጋግሎ የሚያሳርግበት ክፍል ነው። አሮጌ መርፌ እየተጠቀመ ሸክላውን በየሳምንቱ የሚያጥብ ሰው የሚያድነው መልኩን ብቻ ነው።

ከመርፌው ቀጥሎ የተዘነጋው ፍጥነት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣው ማጫወቻ ብዙውን ጊዜ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ መስመር 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ኸርዙን አይለውጥም። የሞተሩ ፍጥነት በመስመሩ ኸርዝ የሚወሰን ማጫወቻ ከሆነ ባለ 45 ዙሩን ሸክላ በ37.5 ዙር ያዞረዋል፤ ዜማው በሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል። በቅኝቱ ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ስለማይፋለስ ትዝታው ትዝታ፣ አምባሰሉም አምባሰል እንደሆነ ይሰማል፤ ስሕተቱን አደገኛ የሚያደርገውም ይህ ነው። ጆሮ ሳይጠረጥር ይቀበለዋል፤ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል፤ ከዚያ የዘገየው ቅጂ ዋናው ተብሎ ይዞራል። ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፑሊ መግጠምና ፍጥነቱን በመለኪያ ዲስክ ማረጋገጥ ከማንኛውም ጽዳት ይቀድማል።

አጨዋወቱ ቢያጎድለውም፣ ቤተሰብ ያቆየው ስብስብ የገበያው መስፈርት የማያየው ክብር አለው። በሰብሳቢዎች ደረጃ አሰጣጥ የሸክላው መሃል ወረቀት ላይ የተጻፈ ስም ዋጋ ያስቀንሳል። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበልም። በእስክሪብቶ የተጻፈ የባለቤት ስም፣ የተገዛበት ቀን፣ የሠርግ ስጦታ መሆኑን የሚናገር ቃል፣ የመጠጥ ቤት ማኅተም፣ ሁሉም ሙዚቃው በማን ቤትና በምን ጊዜ እንደኖረ የሚመሰክሩ የመጀመሪያ እጅ ማስረጃዎች ናቸው። ያንን ጽሑፍ ለሽያጭ ብሎ የሚፍቅ ሰው ሰነድ ያጠፋል። በየቤቱ ይህን ሳይፍቁ ያኖሩ እናቶችና አባቶች፣ ሸክላቸው የተጫረ ቢሆን እንኳ፣ ከብዙ ባለሙያ በላይ ታሪክ ጠብቀዋል።

በካፌና በምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ሸክላ እየቸነከሩ «ቅርሳችን» ለሚሉት ግን ምስጋና የለኝም። ሚስማሩ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል፤ ቦዩ ለአቧራና ለማብሰያ ቤት ጭስ ይጋለጣል፤ ዘፋኙም ዝም ይላል። የማይሰማ ሸክላ አሳይቶ በሙዚቃ ታሪክ መኩራት ለሠሩት ሰዎች ንቀት ነው። እንደ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉ ተቋማትም ለስብስብ ባለቤቶች ሊያደርጉ የሚችሉት ቀዳሚ ውለታ ቀላል ነው፤ መርፌ በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት፣ የክንድ ክብደትና የማጫወቻ ፍጥነት የሚለካበት አንድ ክፍል ይክፈቱ። የአንድ ስብስብ ዋጋ የሚመዘነውም በሸክላው ብዛትና በሽፋኑ ንጽሕና ሳይሆን ከተዘፈነው ግጥም ዛሬም ጠርቶ በሚሰማው ቃል ነው።