ሁሉም አይሮጥም

ከእንግሊዝኛ ስተረጉም ረጃጅሞቹ ቃላት ብዙም አያስጨንቁኝም። አብዛኞቹ አንድ ወይም ሁለት ፍቺ ይዘው ስለሚመጡ መዝገበ ቃላት ከፍቶ መገላገል ነው። የምፈራው «ራን»ን ነው፤ ተማሪ ገና ሲጀምር «ሮጠ» ብሎ የሚሸመድደውን።

እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም በፍቺ ብዛት አንደኛው «ሴት» የሚሉት ግሥ ነበር (የኛን ሴት እንዳይመስላችሁ፤ «አስቀመጠ» እንደማለት ነው)። ኋላ «ራን» ቀደመው። ከአዘጋጆቹ አንዱ ፒተር ጊሊቨር በዚህ ግሥ ላይ ወራት ፈጅቶ 645 ፍቺ ለይቶለታል። ሞተርም፣ ባቡርም፣ ኋላም የኮምፒውተር ፕሮግራም በዚሁ ቃል ሲነገርላቸው ቃሉ ማበጡ አይገርምም።

እኔ ግሡን ከመንካቴ በፊት ባለቤቱን አያለሁ። አፍንጫ ከሆነ ይፈሳል። ወንዝ ይወርዳል፣ አውቶቡስ ይመላለሳል፣ የታጠበ ልብስ ቀለም ይለቃል፣ ስቶኪንግ ይተረተራል፣ ፖለቲከኛ ይወዳደራል። እንግሊዙ ለሁሉም አንድ ቃል ይበቃዋል፤ አማርኛ ግን ለእያንዳንዱ የራሱን ግሥ ይፈልጋል። «ለፕሬዚዳንትነት ሮጠ» የሚል ትርጉም ሳነብ ሰውዬው በቱታ ይታየኛል።

የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ እዚህ ላይ ያድናል የሚል ተርጓሚ አለ። እኔ አላምንበትም። ሐኪሙ ፒተር ማርክ ሮጄ እ.ኤ.አ. በ1852 ያሳተመው ቴሳውረስ ቃላቱን በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ ዘርፍ የመደበ ነው፤ ፍቺ አይሰጥም። ያሰበውም ቃሉን እያወቀ ምላሱ ላይ ለጠፋበት ጸሐፊ ነው። ስለዚህ «ራን»፣ «ማኔጅ» እና «ኦፐሬት» እንደ እኩያ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የባዕድ ዐይን ልዩነቱን አያይም። «ራን» ከጥንቱ የእንግሊዞች ንግግር የወረደ፣ የቤት ቃል ነው። «ኦፐሬት» ከላቲን የመጣ ነው፤ ደብዳቤና መመሪያ ይሸታል። «ማኔጅ» ደግሞ «እንደምንም ተሳካለት» ማለትም ስለሚሆን ሳይታሰብ ያዳልጣል።

በቅርቡ የተረጎምኩት ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት መበለት ትንሽ ፔንሲዮን «ራን» ታደርጋለች። «ታስተዳድራለች» ስል ሴትዮዋ ቢሮ ገባች፤ ማህተም ብቻ ቀራት። «ትሠራለች» ስል ተቀጣሪ መሰለች። «ፔንሲዮን አላት» ማለትም አማርኛ ነው፤ ግን ሌሊት ተነስታ አንሶላ የምትቀይረዋን ሴት ያጠፋታል። በመጨረሻ «ፔንሲዮኑን የያዘችው እሷ ናት» ብዬ ወደሚቀጥለው አንቀጽ አለፍኩ።