ሆዱን ከፍቶ የሚተነፍስ ላፕቶፕ

ክዳኑን ቀና ስታደርጉት ከሥር በኩልም አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። የታችኛው ሽፋን ከኋላ በኩል ይከፈትና ማሽኑ ከጠረጴዛው ላይ ከፍ ይላል። ክዳኑን ስትመልሱት ሽፋኑም ተከትሎ ይገጥማል። ኤሱስ እ.ኤ.አ. በ2017 ታይፔ በተካሄደው የኮምፒውቴክስ ዐውደ ርእይ ላይ ያቀረበው አር ኦ ጂ ዜፊረስ ጂኤክስ501 በዚህች እንቅስቃሴው ነው የሚታወሰው። ስሙም በከንቱ አልወጣለትም፤ ዜፊረስ በግሪኮች አፈ ታሪክ የምዕራብ ነፋስ አምላክ ነው።

ይህን ማሽን እንደ አዲስ ዕቃ ልገመግመው አልተነሣሁም፤ ዘመኑ አልፏል። ላየው የፈለግሁት እንደ አንድ የንድፍ ሥራ ነው። ከእሱ ወዲህ የመጡት ቀጫጭን የጌም ላፕቶፖች እስከ ዛሬ ድረስ የሚታገሉትን ጥያቄ በግልጽ አካሉ ላይ ተሸክሞ የመጣ ነውና። ያ ሁሉ ሙቀት በየት ይውጣ?

ሒሳቡን እንየው። የማሽኑ ውፍረት 17.9 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 2.2 ኪሎ ገደማ ነው። በውስጡ 45 ዋት የተመደበለት የኢንቴል ኮር አይ7-7700ኤችኪው ፕሮሰሰር አለ። ከጎኑ ደግሞ ከ90 እስከ 110 ዋት የሚወስደው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1080 ማክስ-ኪው ግራፊክስ ተቀምጧል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ 150 ዋት ይጠጋሉ። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል አስታውሱት፤ ከበራ በኋላ በባዶ እጅ የሚነቅለው አልነበረም። እዚህ አንድ ተኩል አምፖል ከአውራ ጣት በማይወፍር ሣጥን ውስጥ ታሽጓል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሰው እጁን አሳርፎ ይጫወታል።

ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ለመረዳት አያስቸግርም። ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው ፔስት ሙቀቱን ለመዳብ ሳህን ያቀብላል። ከሳህኑ የሚነሡት የመዳብ ቱቦዎች ድፍን ብረት ቢመስሉም ውስጣቸው ጥቂት ፈሳሽ ታሽጓል። ፈሳሹ በሞቀው ጫፍ ይተንናል፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ጫፍ ሲደርስ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆንና በቱቦው ግድግዳ ላይ ባለው ወንፊት መሳይ ንጣፍ እየተሳበ ወደ መነሻው ይመለሳል። በቀዝቃዛው ጫፍ ስስ የብረት ክንፎች ተደርድረዋል፤ ፋኑ በመካከላቸው አየር እየነፋ ሙቀቱን ያስወጣል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቅጥነት ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳው መጨረሻውን ነው። ተራ ላፕቶፕ አየር የሚስበው ከሆዱ ሥር ሲሆን፣ ከጠረጴዛው የሚለዩት ደግሞ የላስቲክ እግሮቹ ብቻ ናቸው። ወናፉ ጥሩ ቢሆንም አፉን ጨርቅ ከሸፈነው እሳቱን አያነድድም።

እኔ ራሴ ለዓመታት የሠራሁት ከላፕቶፔ የኋላ እግሮች ሥር ሁለት የለስላሳ ኮርኪ አስቀምጬ ነው። ኤሱስ ያደረገው፣ በቀላሉ ሲነገር፣ የእኔን ኮርኪ ማሽኑ ውስጥ ማስገባት ነው።

አየሩ በቂ ካልሆነ ፕሮሰሰሩ አይቃጠልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኢንቴሉ ቺፕ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በሙያው ቋንቋ ትሮትሊንግ የሚሉት ይህንን ነው። ተጫዋቹ የሚያየው ግን ቁጥሩን አይደለም። ሲፈስ የነበረው ምስል ድንገት መንገጫገጭ ይጀምራል፣ አነጣጥሮበት የነበረው ጠላት ያመልጠዋል፤ ከዚያም ኢንተርኔቱን ይራገማል።

ፍጥነት መቀነስ ሁሉ ግን ትሮትሊንግ አይባልም። ለ7700ኤችኪው ሁለት ቁጥር ይጻፍለታል፤ መነሻው 2.8 ጊጋሄርዝ፣ ጣሪያው ደግሞ 3.8 ነው። ጣሪያው የመቶ ሜትር ሯጭ ፍጥነት ነው፤ በዚያ ፍጥነት አሥር ሺህ ሜትር እንዲሮጥ የሚጠብቅ አሠልጣኝ የለም። ከ3.8 ወደ 3.4 ቢወርድ ልማዱ ነው፤ ቅር አይለኝም። 2.8 ግን የተገባ ቃል ነው። በተመደበለት ኃይል ሙሉ ቀን ሊሠራበት የሚገባው ፍጥነት እሱ ነውና፣ ከዚያ በታች ከወረደ ገዢው የከፈለበትን አላገኘም። የላፕቶፕ ግምገማ ስታነቡ ይህችን መስመር በዓይናችሁ ፈልጓት። አንድን የፍጥነት መለኪያ አንድ ጊዜ ብቻ አስኪዶ ውጤት የሚጽፍ ገምጋሚ የመቶ ሜትሩን ሩጫ ነው የለካው። ብረቱ ሞቆ ከጠገበ በኋላ፣ ከሃያና ሠላሳ ደቂቃ በኋላ ያለውን ግን አላየም።

ወደ ዜፊረስ ልመለስ። የዚህ ሥራ ትልቁ ጥንካሬ ለሙቀት ሲል ያደረገውን ለውጥ አለመደበቁ ነው። ኪቦርዱን ከተለመደው ቦታው አንሥቶ ወደ ተጠቃሚው ጫፍ አውርዶታል። ከኪቦርዱ በላይ ያለው ሰፊ ቦታ ለአየር መሳቢያ ተትቷል፣ የሚሞቁት ክፍሎችም ከእሱ ሥር ናቸው። ውጤቱ ብልሃት አለው፦ በጌም ላፕቶፕ ላይ ጣትን የሚለበልበው ሥፍራ ሰው ወደማይነካው ቦታ ሄዷል። ንድፍ አውጪዎቹ ሙቀቱን ማጥፋት እንደማይቻል አውቀው አድራሻውን ቀየሩለት።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። የእጅ አንጓ የሚያርፍበት ቦታ ጠፋ፤ ኩባንያው የላስቲክ መደገፊያ በሣጥኑ ውስጥ ጨምሮ ለመካስ ሞከረ። ለጉዞ የተሠራ ቀጭን ማሽን ገዝቶ መደገፊያውን ለብቻው ይዞ መዞር ትንሽ ያሥቃል። የመዳሰሻ ሰሌዳው ከኪቦርዱ በስተቀኝ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ግራኝ ሰው በንድፉ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዳልነበረ ያሳብቃል። በጭን ላይ አስቀምጦ መሥራትም አይመችም፤ የሚከፈተው ሆድ ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ ከፊት ጫፍ ላይ ያለው ኪቦርድም እጅን አንጠልጥሎ ይተዋል። ላፕቶፕ የሚለው ቃል ጭን ላይ የሚቀመጥ ማለት መሆኑን ረስተውት ይሆን?

የእኔ ትልቁ ቅሬታ ግን በአካሉ ላይ አይደለም፤ በስሙ ላይ ነው። ማክስ-ኪው የሚለውን ስያሜ ኤንቪዲያ የወሰደው ከሮኬት ሳይንስ ነው። ወደ ላይ የሚወነጨፍ መንኮራኩር የአየር ግፊቱ ከሁሉ በላይ የሚበረታበትን ቅጽበት ይገልጻል። ያማረ ስም ነው። የሚገርመው ግን የናሳ ስፔስ ሸትል ወደዚያ ነጥብ ሲቃረብ አካሉ እንዳይጎዳ የሞተሩን ጉልበት ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ዝቅ ማድረጉም በእንግሊዝኛው የሚጠራው በዚያው ትሮትል በሚለው ቃል ነው። ስሙን የመረጡት ሰዎች ሳያስቡት እውነቱን ተናግረዋል። ለዴስክቶፕ የተሠራው ጂቲኤክስ 1080 180 ዋት ይወስዳል፣ ለወፍራም ላፕቶፕ የተሠራው 150። ማክስ-ኪው የተባለው በ90 እና በ110 መካከል ነው፤ አቅሙም በዚያ ዘመን በነበሩት በ1070 እና በሙሉው 1080 መካከል ያርፋል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ በጥቂት ዋት ብዙ ሥራ ማውጣት የምሕንድስና ጥበብ ነው። ነውሩ 1080 የሚለው ቁጥር በደማቁ ተጽፎ ዋቱ ሳይጻፍ መቅረቱ ላይ ነው። በኋላ ነገሩ ባሰ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጡት የአርቲኤክስ 30 ላፕቶፖች ላይ ማክስ-ኪው የሚለው ቅጥያ ከስሙ ወጣና፣ በ80 ዋት የሚሠራውም ከ150 የሚያልፈውም አንድ ዓይነት 3080 ተባለ። ጩኸት ከተነሣ በኋላ ነው አምራቾች ዋቱን እንዲገልጹ የተጠየቁት።

ወደ ዜፊረሱ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ኤሱስ በዚያው በጂኤክስ501 አካል ውስጥ አዲስ ፕሮሰሰር አስገባ፤ ኮር አይ7-8750ኤችን። የቀድሞው አራት ኮር ነበረው፣ ይህኛው ስድስት። በወረቀት ላይ ሁለቱም ባለ 45 ዋት ናቸው። ይህ 45 ግን የሚለካው በመነሻ ፍጥነት ነው፣ የአዲሱ መነሻ ደግሞ ወደ 2.2 ጊጋሄርዝ ወርዷል። ጣሪያው 4.1 ነው፤ ስድስቱም ኮሮች ወደዚያ ሲጠጉ የሚወስዱት ኃይል ከ45 ዋት እጅግ ይርቃል። ሣጥኑ ያው፣ ነፋሱ ያው፣ እሳቱ ግን ሌላ። አየር ለመሳብ ያን ያህል የለፋው ንድፍ በአንድ ዓመት ውስጥ የተጣለበትን ሸክም ሳይ ለሠሪዎቹ አዝናለሁ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ችግሩ ከጌም ዓለም አልፎ የሁሉም ወሬ ሆነ። ባለ ኮር አይ9ኙ የአፕል ማክቡክ ፕሮ በከባድ ሥራ ላይ ከመነሻ ፍጥነቱ ከ2.9 ጊጋሄርዝ በታች ሲወርድ ታየ። አፕል በማሽኑ ሶፍትዌር ውስጥ አንድ ዲጂታል ቁልፍ ጎድሎ መገኘቱን አምኖ ማስተካከያ ለቀቀ። ማስተካከያው ጠቀመ፤ ቀጭኑን አካል ግን ሶፍትዌር አያወፍረውም።

ተቃራኒው መንገድም ተሞክሯል። ኤሰር በ2017 ለገበያ ያቀረበው ፕሬዳተር 21 ኤክስ ሁለት ጂቲኤክስ 1080፣ አምስት ፋን፣ ሁለት ቻርጀር ነበረው። ክብደቱ 8.8 ኪሎ ገደማ፣ ዋጋው ደግሞ 8,999 ዶላር። ላፕቶፕ ብሎ መጥራት ድፍረት ነው። በሁለቱ መካከል ምረጥ ብባል ግን ያለ ማመንታት ዜፊረስን እመርጣለሁ። ፕሬዳተሩ ጥያቄውን ሸሸው፤ ዜፊረሱ ተጋፈጠው።

ተጠቃሚውም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ብዙዎች ትሮትልስቶፕ በሚባል ፕሮግራም ለፕሮሰሰሩ የሚደርሰውን ቮልቴጅ በጥቂቱ እየቀነሱ፣ ፍጥነቱ ሳይጎድል ሙቀቱን በርከት ባለ ዲግሪ ያወርዱ ነበር። በነጻ የሚገኝ፣ ከማንኛውም ተጨማሪ ፋን የሚበልጥ መላ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ግን ተመራማሪዎች ፕላንደርቮልት ያሉትን ጥቃት ይፋ አደረጉ፤ በዚሁ የቮልቴጅ በር ገብቶ በፕሮሰሰሩ ውስጥ የተቆለፈ ምስጢር ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ኢንቴል በሩን የሚዘጋ ማሻሻያ ላከ፣ አምራቾችም በባዮስ (ማሽኑን በሚያስነሣው ሶፍትዌር) እድሳት አከፋፈሉት። ብዙ ሰው ለደኅንነት ብሎ ባዮሱን አድሶ ሲነሣ ላፕቶፑ እንደ ድሮው ሲግል አገኘው።

አሁን ማሽኑን ወደኛ አገር እናምጣው፤ እዚህ በየትኛውም ዝርዝር መግለጫ ላይ የማይጻፍ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሯም ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋን በአንድ ዙር የሚያንቀሳቅሰው የአየር ስፋት አይለወጥም፤ በዚያ ስፋት ውስጥ ያለው አየር ግን ያነሰ ነው፣ የሚሸከመው ሙቀትም እንዲሁ። ታይፔ ውስጥ ለቆላ አየር ተለክቶ የተነደፈ ላፕቶፕ እዚህ ሲደርስ እንጦጦን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚወጣ የቆላ ሯጭ ያለከልካል። የሚያግዘን ብርዳችን ነው፤ የክፍሉ አየር ሃያ ዲግሪ ሲሆን ከጉድለቱ የተወሰነውን ይመልሳል። በበጋ አቧራ የተደፈኑ የብረት ክንፎችን ግን ብርድም አያድናቸውም። የእኔ ማሽን በሦስተኛ ዓመቱ ተፈትቶ ሲታይ በፋኑና በክንፎቹ መሀል ብርድ ልብስ የመሰለ የአቧራ ንጣፍ ተገኘበት፤ ፔስቱም ደርቆ እንደ ጭቃ ይረግፍ ነበር። ተጠርጎና ተቀብቶ ሲመለስ አዲስ ላፕቶፕ የገዛሁ መሰለኝ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላው ገደብ ይመጣል። የዜፊረሱ ባትሪ 50 ዋት-ሰዓት ነው። 150 ዋት ለሚጠጋ ማሽን ይህ የሃያ ደቂቃ ስንቅ ነው፤ ስለዚህ ከቻርጀር ሲነቀል ማሽኑ ራሱ ኃይሉን ይቆርጣል። በባትሪ ጌም እጫወታለሁ ብሎ የሚገዛው ያዝናል።

ፍርዴ ይኸው ነው። ጂኤክስ501 በአካሉ ሐቀኛ፣ በመለያ ጽሑፉ ግን ቁጥብ የሆነ ሥራ ነው። ሆዱን የመክፈቱን ሐሳብ የዘመኑ ምርጥ የላፕቶፕ ንድፍ ብዬ እይዘዋለሁ፤ ኪቦርዱን ለሚጽፍ ሰው አልመክረውም፤ ባለ ስድስት ኮሩን የ2018 ዝርያ ደግሞ ከባለ አራቱ በኋላ አሰልፈዋለሁ።

ከሰው እጅ ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ክዳኑን ከፍ አድርጋችሁ የታችኛው ሽፋን እስከ መጨረሻው መከፈቱን እዩ። ከዚያ ቻርጀሩን ሰክታችሁ አንድ ከባድ ጌም ለሃያ ደቂቃ አጫውቱት፤ ሻጩ ቢቻኮልም እናንተ አትቸኩሉ። ባለ አራት ኮሩ ከ2.8 ጊጋሄርዝ በታች ከወረደ የጽዳቱንና የፔስቱን ዋጋ ከጠየቀው ላይ አስቀንሱ፤ አልቀንስም ካለ ተዉት።