የጋላቢ ወገብ

የወረታ ሰው ሜዳ አይቸግረውም። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራን ውሃ ያለብሱታል፤ በጋ ሲገባ መሬቱ ደርቆ ዓይን እስኪታክት ይዘረጋል። ለፈረስ የተሠራ ይመስላል፤ ስሙ የገነነው ግን በከብቱና በሩዙ ነው። የግልቢያን ጥበብ ማየት የፈለገ ከጣና ወዲያ ወደ አዊ ይሂድ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል።

ሰው ሁሉ ያጌጠውን ፈረስ ሲያይ እኔ የጋላቢውን ወገብ አያለሁ። ስግሪያ ላይ ጥሩ ፈረሰኛ ከወገቡ በታች ከፈረሱ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ትከሻውና ራሱ ግን ንቅንቅ አይሉም። ጉግስ ላይ፣ አንዱ ሲሸሽ ሌላው በሚያባርርበት ጨዋታ፣ ያው ወገብ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። የሚሸሸው ሰው ሽምጥ እየጋለበ ወደ ኋላ ዞሮ የሚወረወርበትን ዱላ በጋሻ ይመክታል፤ ፈረሱ መስመሩን አይስትም፣ የጋላቢው ጭን ይነዳዋልና። የጥንቱ ፈረሰኛ ይህን ሁሉ የሚያደርገው በባዶ እግሩ፣ አውራ ጣቱን ብቻ በትንሽ የብረት እርካብ አስገብቶ ነበር። በጣት!

እንግሊዛዊው ጆኪ (የፈረስ ውድድር ጋላቢ) ሌስተር ፒጎት ተቃራኒውን መንገድ ያዘ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ገደማ ነበር፤ ለሙያው ረጅም ነው። ክብደቱን በረሃብ እየቀነሰ፣ እርካቡን እጅግ አሳጥሮ፣ መቀመጫውን ከኮርቻው በላይ ሰቀለ። የፈረሱ ጀርባ ነጻ ሆነ። የአገው ፈረሰኛ ከፈረሱ ጋር በመዋሐድ፣ ፒጎት ከፈረሱ በመነሣት፣ ሁለቱም የሚደክሙት እንስሳው ሸክሙን እንዳይቆጥር ነው።

ፒጎት እ.ኤ.አ. በ1948፣ ገና በ12 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ፤ የኤፕሰም ደርቢን ውድድር 9 ጊዜ ወሰደ፤ በ1985 ጡረታ ወጣ። አምስት ዓመት ቆይቶ በ54 ዓመቱ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ኒው ዮርክ፣ ቤልሞንት ፓርክ የውድድር ሜዳ ላይ ሮያል አካዳሚ የተባለውን ፈረስ እየጋለበ ከኋላ ሲመጣ፣ ፈረሱ በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ ተደናቀፈ። ፒጎት ሚዛኑን አስመልሶ ለቀቀው፤ መድረሻው ላይ በፈረስ አንገት ርዝመት ቀደመ። ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዕድሜ እንዲህ አይሠራም ነበር፤ እጁ የፈረሱን ልብ ትርታ ሳይረሳ ቆይቷል ብዬ አምናለሁ። ግልቢያን ለመጨረሻ ጊዜ የተወው በ1995 ነው፤ በብሪታንያ ብቻ 4,493 ጊዜ አሸንፎ።