የአጎቴ ሄሊዮስ ዓይኗን ገለጠች!

ቁም ሳጥን ውስጥ አሮጌ ሌንስ የወሸቃችሁ ሁሉ፣ ስሙኝማ! እዚህ አሜሪካ፣ ጆርጂያ፣ ስማይርና ከተማ፣ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ፣ ቡና በማቀርብበት ትሪ ውስጥ ሌንስ ፈትቼ ገጠምኩ። እኔ! የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ለመቀየር ሰው የምጠራው!

ሌንሷ አጎቴ በደርግ ዘመን ከዜኒት ካሜራ ጋር የገዛት ሄሊዮስ 44-2 ናት፤ 58 ሚሊ ሜትር፣ ሶቭየት ሠራሽ፣ ንድፏ ከጀርመኑ ዛይስ ቢዮታር የተቀዳ። የፎከስ ቀለበቷ እንደ ዛገ ማጠፊያ አልዞር ብሏል። የአፐርቸሯ ምላጮች ዘይት ጠጥተው ተጣብቀዋል። መስታወቷን የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ወሮታል፤ የጆርጂያ የሰመር ወበቅ ደግሞ ለሻጋታ ሠርግና ምላሽ ነው።

ለካ ያረጀው ግሪሷ ኖሯል! ሞተር የላት፣ ባትሪ የላት፤ ብረትና መስታወት ብቻ። ግሪሱ በዘመን ብዛት ይደርቃል፤ ዘይቱ ተለይቶ ወደ ምላጮቹ ይሾልካል። በቃ፣ በሽታዋ ይኸው ነው!

ዕቃውስ ቢሆን? ትንሽ ካቻቪቴ፣ የፊቱን ቀለበት ቆንጥጦ የሚያዞር ጎማ፣ የላይተር ቤንዚን፣ ጥጥ፣ ስቴኪኒ፣ አዲስ ግሪስ። ምድጃ አጥፍቼ፣ መስኮት ከፍቼ 8ቱን ምላጮች በቤንዚን አጠብኩ። እንደ ድመት ዓይን ሲጠቡና ሲሰፉ ሳይ ብቻዬን እልል አልኩ! ሻጋታውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አነሣው። ቅቡን የበላባት አንዲት ነጥብ ቀርታለች፤ ፎቶው ላይ ግን አትታይም።

አደራ፣ የፎከሱ ጥርሶች የሚላቀቁበትን ቦታ ሳትፈቱ ምልክት አድርጉ! እኔ ረስቼ አበሳዬን አየሁ። ጥርሶቹ መግቢያቸው ብዙ ነው፤ በማይሆነው ከገቡ ሌንሱ ሩቁን አያይም። ሦስቴ ፈትቼ ሦስቴ ገጠምኩ። በአራተኛው በሌሊት በረንዳ ወጥቼ ጨረቃን ብፈልጋት፣ ቁልጭ!

ስማይርና የጆንኩዊል ከተማ ትባላለች፤ ጆንኩዊል ክረምቱ ሊወጣ ሲል የምትፈነዳ፣ አደይን የምታስናፍቅ ቢጫ አበባ ናት። ሌንሷን በማገናኛ ቀለበት ከዲጂታል ካሜራዬ አጋጥሜ፣ አፐርቸሯን እስከ f/2 ከፍቼ አነሣኋት። አበባዋ መሐል ቆማለች፤ ከኋላዋ ያለው ቅጠል ክብ ሠርቶ እስክስታ ይወርዳል! ይህን ዙሪያ ጥምጥም የትኛው አዲስ ሌንስ ይሰጠኛል?

አሁንማ ማን ይመልሰኝ! መስኮቴ ላይ ሱፐር ታኩማር የሚባል ሌላ አሮጌ ሌንስ ተሰጥቷል፤ ቶሪየም ያለበት መስታወቱ እንደ ሻይ ቀልቷል። መድኃኒቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፀሐይ! በየቀኑ እየነጣ ነው።

ፎቶውን ለአጎቴ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ።

«ያቺ ጣያት ያልኩሽ ናት?»

«አዎ ጋሼ!»

ዝም አለ፤ ቆየና፣ «በይ መልሺልኝ» አለ።

ኔትወርኩ እዚህ ላይ ተቆራረጠብኝ።