ከተሳቢው ኋላ
የተሳቢ መብራት ሲገጠም ሹፌር የሚያየው አምፖሉን ነው፤ ባለሙያ የሚያየው ግራውንዱን። አምፖል ማንም ይቀይራል። ኤሌትሪኩ ሥራውን ሠርቶ ወደ ባትሪ የሚመለስበትን መንገድ ማስተካከል ግን ሙያ ይጠይቃል።

ቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎችና የሸማኔዎች ሰፈር ናት። ከሰፈሩ አለፍ ሲሉ ደግሞ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታ የሚወጣው የጎጃም መንገድ አለ። በዚህ ሰፈር አንድ አንጋፋ የመኪና ኤሌትሪሻን የተሳቢ መብራት ሲሠሩ ቆሜ አይቻለሁ፤ እጃቸው አይቸኩልም።

ከእሳቸው በፊት የሠራው ሰው ሽቦውን ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሎ አልፏል። ናስትሮው ሲገለጥ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። እሳቸው መዳቡ ንጹሕ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ቆርጠው ጣሉት። ከዚያ ካውያውን ከሥር አስጠግተው ስታኞውን ከላይ ነኩት፤ መዳቡ ራሱ ሲሞቅ ስታኞው በቀጫጭኑ ክሮች መሃል ሰረገ። ካውያው ላይ ቀልጦ የተንጠባጠበ ስታኞ ላይ ላዩን ይይዛል እንጂ አይዋሐድም፤ ለመላቀቅ ጥቂት ኮረኮንች ይበቃዋል።

ግራውንዱ ላይ ሲደርሱ የሻንሲውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ብረቱን አወጡ፤ ሽቦውን በብሎን አጥብቀው ግሪስ ቀቡት። ይህ ነጥብ ሲላላ ወይም ሲዝግ የፍሬን መብራቱ ኤሌትሪክ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል፤ በሌሎቹ አምፖሎች በኩል ይዞራል። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ፍሬቻው ፈዞ የሚበራው በዚህ ነው። በ12 ቮልት የምትሠራ ትንሽ መኪና ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል፤ 21 ዋት አምፖል ወደ 2 አምፔር የሚጠጋ ስለሚስብ ግማሽ ኦም ያህል ብልሹ መጋጠሚያ ብቻውን 1 ቮልት ገደማ ይበላል። በ24 ቮልት ከባድ መኪና ላይ ያው ዋት ያለው አምፖል ከ1 አምፔር በታች ነው የሚስበው።

የሰባት እግሩ ሶኬት ቀለማት ይታወቃሉ፦ ቢጫ የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴ የቀኝ፣ ቀይ ፍሬን፣ ነጭ ግራውንድ። ነጩ በከባድ መኪና ሶኬት 1ኛ ቁጥር ላይ ነው፤ በትንሿ መኪና ግን 3ኛው ላይ። እኚህ ሰው ቀለሙን አላመኑም፤ እያንዳንዱን እግር በቴስተር ለኩት። ባገኘው ሽቦ ጠግኖ ያለፈ ሰው ሊኖር ይችላላ!

ከሁሉ የወደድኩት ግን ኬብሉን የቆረጡበትን ልክ ነው። ሹፌሩን መሪውን እስከ ጥግ አስጠምዝዘው ወደፊት አስነዱት፤ ራሳቸው አጠገቡ እየሄዱ ኬብሉ እንዳይወጠርም አስፋልት እንዳይነካም አዩ። ጥቂት ሣንቲሜትር ጨመሩ፤ ዝናቡ ወደ ሶኬቱ እንዳይፈስም ኬብሉን ወደ ታች አጉብጠው አሠሩት።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በሌሊት ለሚወርድ፣ ወይም የጣርማ በርን ጉም ለሚያቋርጥ ሰው፣ ፊት ያለው መኪና መቆሙን የሚነግረው ያ ቀይ መብራት ብቻ ነው። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ነው እንዲህ የሚጠነቀቀው።

«ጋሼ፣ በርቷል እኮ» አለ ሹፌሩ።

«በርቷል። አሁን የኋላውን መብራት፣ ፍሬኑንና ፍሬቻውን አንድ ላይ አብራልኝ።»

ለየብቻ ሲሞከሩ ደኅና የሚመስሉ መብራቶች፣ ግራውንዱ ደካማ ከሆነ፣ አንድ ላይ ሲበሩ ነው የሚጋለጡት። ቀዩ አልፈዘዘም፤ ፍሬቻውም ምቱን አልቀየረም። ያን ጊዜ ፒንሳቸውን ወደ ሣጥኑ መለሱ።