ስለ «ማጽዳት» እና ስለ «ማምከን»፦ የሕክምና ዕቃ አያያዝ ስያሜዎች ሲመረመሩ

በአነስተኛ የገጠር ሆስፒታል የቃል ፍች የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የሚያጥበው ሠራተኛ የሚመራው ብዙውን ጊዜ በአማርኛ በሚነገረው ትእዛዝ ስለሆነ፣ ስያሜው ሲደበዝዝ ሥራውም ይደበዝዛል።

እንደሚታወቀው ጉዳዩ ሦስት ጽንሰ ሐሳቦችን ይዟል። አንደኛው ደምና እድፍን በውሃና በሳሙና ማስወገድ ነው። ሁለተኛው አብዛኞቹን ጀርሞች በኬሚካል ወይም በፈላ ውሃ መግደል ነው። ሦስተኛው ስፖር የተባለውን ጠንካራ የባክቴሪያ ዓይነት ሳይቀር ሕይወት ያለውን ሁሉ ማጥፋት ነው።

ለሦስተኛው «ማምከን» ተለምዷል። ቃሉ መካንነትን ያስታውሳል በማለት የሚነቅፉት አሉ፤ እኛ ግን ነቀፋው ይጸናል አንልም። መራባት የማይችል ማለት የተፈለገው ፍች ራሱ ነው፤ ቦምብም «ይመክናል» ሲባል የሚደናገር የለም።

ችግሩ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው። ተርጓሚዎች አንዴ «ማጽዳት»፣ አንዴ «ማምከን» ይሉታል። መቀቀል «ማምከን» ከተባለ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ስፖር ከፈላ ውሃ ሊተርፍ እንደሚችል ይዘነጋል፤ የተጠቀለለን ዕቃ ለማምከን ግን በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የታመቀ እንፋሎት 30 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል። በበረኪና መዘፍዘፍ «ማጽዳት» ከተባለ ደግሞ መታጠቡ ይቀራል፤ በረኪና ግን ደም ባለበት ኃይሉ ይደክማል።

«ፀረ ተሕዋስያን ማድረግ» የሚለው ሐረግም አያረካም። ረዥም ከመሆኑ በላይ የተረፈ ነገር መኖሩን አያመለክትም። ስለዚህ «ጀርም መቀነስ» የሚለውን እናቀርባለን። ስያሜው ራሱ ሥራው ፍጹም አለመሆኑን ይናገራል፤ «ጀርም ቀናሽ» እና «የጀርም ቅነሳ» የሚሉ ዘሮችንም ያለ ችግር ያስገኛል። «ጀርም» ባዕድ ቃል ነው ቢባልም ሠራተኛው የሚያውቀው እርሱን ነው። «ማጽዳት» ለሦስቱም የወል ስም ሆኖ ይቅር፤ ለመጀመሪያው «ማጠብ» ይበቃል።

በዚህ መሠረት ኧርል ስፖልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1968 ያቀረበው ምደባ በቀላሉ ይተረጎማል፦ ወደ ሰውነት ውስጥ ዘልቆ የሚገባ መሣሪያ ታጥቦ ይመክናል፤ የአፍንና የመሰለውን እርጥብ ገላ የሚነካ ቢያንስ ታጥቦ ጀርሙ ይቀነሳል። በሁለቱም ዘንድ መታጠቡ ይቀድማል።

«መቀነስ» የሥራውን ክብደት ያቃልላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይህን አንንቅም፤ ሆኖም ከሐሰተኛ እርግጠኝነት ልከኛ ስም ይሻላል እንላለን።