ስንት ልበልህ?

አክስቴ የሚኖሩት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ቀበሌዋን አልጠራም። ለጥናት የተመረጠ ቤት በምስጢር ይያዛል ይላል ደንቡ፤ እኔም በዚህ ደንብ አምናለሁ። በ2008 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ መጠይቅ ያቀፈ ወጣት ደጃቸው ላይ ሲቆም እኔ ልጠይቃቸው ሄጄ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። የማን ጥናት እንደሆነ ተናግሯል፤ ይቆየን።

«እማማ፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ቤተሰቡ ሥጋ ተመግቧል?»

አክስቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ምን አልከኝ ልጄ?»

«ሥጋ፣ እማማ።»

«በጾም?»

«ጥያቄው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሁሉንም በየተራ ማንበብ አለብኝ።»

አነበበ። ወተት፣ ቅቤ፣ ዕንቁላል። አክስቴ እያንዳንዱን እንደ ስድብ እየቆጠሩ «የለም» አሉ። ጤፍ ላይ ሲደርስ «ስንት ቁና ፈጃችሁ?» አላቸው። ቀና ብለው ፊቱን አዩትና «ስንት ልበልህ?» አሉት።

ረዘም ላለ ጊዜ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለነበር አንድ መጥፎ አመል ተጣብቶኛል፤ የተጻፈ ነገር ሳይ እንደ ድርሰት አነበዋለሁ። መጠይቁንም እንደዚያው አነበብኩት። ደራሲው አይታወቅም። ተራኪው ሲጠይቅ ይውላል እንጂ ለአንዲት ጥያቄ እንኳ መልስ አይሰጥም። ዋናው ገጸ ባሕሪ «የቤተሰቡ ኃላፊ» ይባላል፤ ጎታውን ጧት ጧት የሚከፍቱት፣ የቀረውን እህል በእፍኝ የሚያውቁት ሴትዮ ግን ሌላ ናቸው። (ይህን ያወቁ ጥናቶች የምግቡን ክፍል ይበልጥ ለሚያውቀው የቤተሰብ አባል እንዲቀርብ አድርገዋል፤ ይመስገኑ።) ከጠቅላላው ወረቀት ምርጧ ዓረፍተ ነገር ግን የአክስቴ ነበረች፤ እሷን የሚቀበል ሣጥን ደግሞ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

«ስንት ልበልህ?» ማለት «አላውቅም» ማለት አይደለም። «ለምን ጉዳይ እንደሆነ ንገረኝና እንደ ጉዳዩ ልንገርህ» ማለት ነው። ለግብር ከሆነ ያንሳል። ለጋብቻ ከሆነ ይበዛል። ለዕርዳታ ከሆነ ጭራሹን የለም። ልጁ «ሁለት» ብሎ ጽፎ አለፈ።

መቼም ይህን ውሸት የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በጎጃም ደጃፍ ቆሞ «ምን አለህ?» ያለ ሰው እንዲሁ ጠይቆ ብቻ የተመለሰው ስንት ጊዜ ነው? በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አሥራትን ሽሮ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲያውጅ፣ የየማሳው ምርት ሊገመት ሆነ። ርስተኛው ግምቱን የልኬት መጀመሪያ፣ ልኬቱን የርስት መንጠቂያ አድርጎ አየው። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጋ ዳሞት ሸፈቱ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ቀረ። ከዚያ በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ መጣ። ቤተሰብ ተቆጠረ፣ መሬት ተመዘገበ፤ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሥልጣን የያዘ ሰው «ቢሮክራት» እየተባለ ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። አክስቴ ሁለቱንም በዓይናቸው አይተዋል። እንግዲህ ያ ወጣት ሦስተኛው መሆኑ ነው። የመጣው ለሌላ ጉዳይ እንደሆነ በምን ይወቁ?

ጥናቱ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ዛሬ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት የሚባለው የቀድሞው ማዕከላዊ ስታትስቲክስ የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናትን በ1988፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. አካሂዷል። ድህነት ከመቶ 45.5 ተነሥቶ በ2003 ወደ 29.6፣ በ2008 ደግሞ ወደ 23.5 ወረደ እየተባለ በየስብሰባው ስንሰማው የኖርነው ቁጥር ከዚያ የተቀዳ ነው። ወሰኑ የተሠራው ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ካሎሪ ከሚያስገኝ ምግብና ከሌሎች መሠረታዊ ወጪዎች ነው፤ በ1988 በዓመት 1,075 ብር የነበረው በ2008 7,184 ብር ደርሷል። ድህነትን በገቢ ሳይሆን በፍጆታ መለካቱም ብልህነት ነው። ገበሬ ያስገባውን አይነግርህም፤ የበላውን ግን ምናልባት።

ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በዓለም ባንክ ድጋፍ እነዚያኑ ቤቶች ተመላልሶ የሚጠይቅ የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት አለ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የፍጆታው ጥያቄ ይቀርብ የነበረው ከመኸር በኋላ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ነው። እንግዲህ 55 ቀን የሚጾም አገር ውስጥ፣ ጾሙ በሚውልበት ወራት፣ «ባለፉት ሰባት ቀናት ምን በላችሁ?» ተባለ ማለት ነው። የጎጃም ቤት በፋሲካ ሳምንትና በዐቢይ ጾም ሳምንት ሁለት የተለያየ ቤት ነው። የትኛውን ነው የለካነው?

ይሁንና በዚያው ጥናት ውስጥ ያስደሰተኝ ነገር አለ። ሰዉ በኪሎ ስለማይናገር የገበያውን መስፈሪያ ወደ ኪሎ የሚመልስ ሠንጠረዥ ተሠርቷል፤ ቁና፣ ጣሳ፣ መደብ፣ እስር፣ ሸክም፣ ማዳበሪያ። በላቲን ፊደል ተጽፈው ሳገኛቸው ዋሽንግተን ላይ የአገሬን ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

አሁን ወደ የትመን ልውሰዳችሁ፤ የዚህ ጉዳይ ሁሉ ማሳያ እሷ ናትና። የትመን ከደጀን ወደ ቢቸና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በነጭ ጤፏ የምትታወቅ ቦታ ናት። በ1986 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድና መቀመጫውን ዋሽንግተን ካደረገው የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ጋር ሆኖ 15 የገጠር መንደሮችን መረጠ፤ ወደ 1,477 ቤተሰብ። የትመን አንዷ ነበረች። እስከ 2001 ዓ.ም. እየተመላለሱ ጠየቁ። ስለ በሬው፣ ስለ ዕዳው፣ ስለ እድሩ፣ ስለሞተው ሰውና ስለመታው በረዶ። ከዚህ የወጣው ጥናት ብዙ ነው። ስቴፋን ዴርኮን፣ ጣሰው ወልደሃና እና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ክረምት ከበጋ የሚያገለግል መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9፣ የግብርና ባለሙያ አንድ ጊዜ እንኳ መጎብኘቱ ደግሞ በ9.8 የመቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስ አሳዩ። ስምና አድራሻው ተፍቆ መረጃው ለማንም በነፃ ይሰጣል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቁጥርን መንግሥት እንደ ስብከት ብቻ ሲነግረን ለኖርን ሰዎች፣ ጥሬውን አውጥቶ «እናንተም ደምሩት» መባል እንግዳ ነው።

ታዲያ ማነው የደመረው? ያ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለ የትመን በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የመንደር ጥናትም እንዲሁ። የሳንታ ሞኒካ ተማሪ የየትመንን ገበሬ ዕዳ ከፍቶ ያያል። ገበሬው ግን ያን መንገድ ለማስቆፈር ወረዳ ሲሄድ፣ ከራሱ መልስ የወጣችውን 6.9 በእጁ አልያዘም። «ለሁሉም ክፍት ነው» ስንል ኮምፒዩተር፣ እንግሊዝኛና የስታትስቲክስ ትምህርት ላለው ሁሉ ማለታችን ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ አንድ ገጽ አማርኛ ጽፎ፣ የማንንም ስም ሳይጠራ፣ እድር በተሰበሰበበት ማንበብ ስንት ብር ይፈጃል? ጠያቂው ለአበሉ ከሚያወጣው አይበልጥም።

አንድ ገጽ ብትጻፍም ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ለጎጃም የሚነበብ ቁጥር የለም። የናሙናው መጠን ከክልል በታች እንዲወርድ አልተሠራም፤ ትርፍ ጤፍ የሚሸጠው የእነማይ ገበሬና ድርቅ የሚመላለስበት የዋግ ኽምራ ገበሬ «አማራ» በሚል አንድ አማካይ ውስጥ ይቀላቀላሉ። ስታትስቲክሰኞች ምክንያቱን ያውቁታል፤ ናሙና ማስፋት ገንዘብ ነው። ለእኔ ግን አንዱ ሲጠግብ የሌላውን ረሃብ የሚጋርድበት ቁጥር ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ባሰ እንጂ አልተሻለም። ኮሮና ገብቶ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጥያቄው በስልክ ሆነ፤ ስልክ የሌለው ቤትም ከጥያቄው ወጣ። በ2014ቱ ዙር ትግራይ በጦርነቱ ምክንያት አልተካተተችም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ጦርነቱ ወደ ጎጃም ዞረ። እስቲ በዚህ ላይ «ስንት በሬ አለህ?» ለሚል እንግዳ ማን ደፍሮ ይመልሳል?

በቅርቡ መንገዱ ደህና በሆነ ሳምንት አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ጎናቸው ቁጭ ብዬ ያንን የመስፈሪያ ሠንጠረዥ ከስልኬ አነበብኩላቸው። ጣሳ ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። መደብ ስል ሳቁ።

«የማንን መደብ ነው?»

«እሱን አይልም፣ እትዬ።»

ትንሽ ዝም አሉና፣ «የእኛ ቁና ከአማኑኤል ቁና ይበልጣል። ይህን ጽፈውታል?» አሉኝ።

«የለም። አማራ ብለው አንድ አድርገውታል።»

«ያ ልጅ ቢመጣ ኖሮ እኮ እነግረው ነበር» አሉና ቡናቸውን ማፍላት ቀጠሉ።